ወረፋው አያልቅም፦ «ኢንፊኒቲ ቅዠት ነው» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን «ኢንፊኒቲ ቅዠት ነው» የሚል ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው ነበር። ለእኔም ሦስት ሰዎች ላኩልኝ። ሁለቴ አነበብኩት። ጸሐፊው ጎበዝ ናቸው። ቋንቋቸው ያምራል፣ ጥያቄዎቻቸውም የዋዛ አይደሉም። ከመልሶቻቸው ግን በአብዛኞቹ አልስማማም። ዝም ብዬ ላልፍም አልቻልኩም።

ባጭሩ የሚሉት ይህን ነው። ኢንፊኒቲን፣ ማለትም ማለቂያ የሌለውን ነገር፣ ያየ የለም። ታላላቅ ሊቃውንት ሳይቀሩ ተቃውመውታል። ሒሳቡ ራሱን ይቃረናል። 0.999… መቼም 1 አይደርስም። «ከኢንፊኒቲ የሚበልጥ ኢንፊኒቲ አለ» ማለት ተራ ወሬ ነው፤ ይህን ያመጣው ሰውም አብዷል። በመጨረሻም ነገሩ ለምንም አይጠቅምም።

ይህ ጉዳይ ለእኔ የቆየ ቁስል አለው። ተማሪ ሳለሁ አንድ መምህር «1 ለዜሮ ሲካፈል ኢንፊኒቲ ነው፣ ያዙት» ብለውን አለፉ። እጄን አውጥቼ ኢንፊኒቲ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩ። «ትልቁ ቁጥር ነዋ!» አሉኝ። ያቺ መልስ ለዓመታት አሳስታኛለች። ጸሐፊውም የተነሱት ከዚያችው መልስ ይመስለኛል። ጽሑፋቸው ውስጥ ኢንፊኒቲ ከዳር እስከ ዳር «እጅግ በጣም ትልቅ ቁጥር» ሆኖ ነው የሚታየው። እንደዚያ ከታየማ ክርክሩ ከመጀመሩ በፊት ተበላሽቷል።

የመጀመሪያው መከራከሪያቸው ይኸውላችሁ። «በሚታየው ዩኒቨርስ ውስጥ ያሉት አቶሞች ከ1 ቀጥሎ 80 ዜሮ ቢጻፍ የሚሆነውን ያህል ናቸው። ከዚያ በላይ የሚቆጠር ነገር ከሌለ፣ ከዚያ በላይ ቁጥር አለ ማለት ምን ማለት ነው?»

የአቶሞቹ ግምት ልክ ነው። ግን ቁጥር ከአቶም አይሠራም። አርኪሜዲስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን ይህንኑ ጥያቄ በአሸዋ አንስቶታል። ዓለም በሞላ በአሸዋ ቢሞላ ስንት ቅንጣት ይይዛል ብሎ ጠየቀ። በጊዜው የነበረው የግሪክ አቆጣጠር ለዚህ አይበቃም ነበርና አዲስ የቁጥር አጠራር ፈጠረ። ያገኘው መልስ በእኛ አጻጻፍ ከ1 ቀጥሎ 63 ዜሮ ያለው ቁጥር ነው። እኔን የሚገርመኝ መልሱ አይደለም። የፈጠረው አጠራር ከአሸዋው በኋላም ይቀጥላል። አሸዋው አለቀ፣ ቁጥሩ አላለቀም።

ከአርኪሜዲስ ትንሽ ቀደም ብሎ ደግሞ ዩክሊድ ነበር። ብቸኛ ቁጥሮችን ያዙ፤ ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍላቸው የሌለ ማለት ነው። 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13… አንድ ሰው መጥቶ «በቃ፣ እነዚህ ስድስቱ ናቸው፣ ሌላ የለም» ቢላችሁ ስድስቱን አባዙና 1 ጨምሩ። 30,031 ይመጣል። ይህ ቁጥር ለስድስቱም ለየብቻ ሲካፈል 1 ይተርፋል። ስለዚህ የሚያካፍለው ብቸኛ ቁጥር ከዝርዝሩ ውጭ መሆን አለበት። እውነትም 30,031 ማለት 59 ሲባዛ በ509 ነው። ሁለቱም ስድስቱ ውስጥ የሉም። ሰውየው ስድስት ሺህ ብቸኛ ቁጥር ይዞ ቢመጣም ዘዴው ያው ነው፣ አይለወጥም።

ዩክሊድ እዚህ ጋ «ኢንፊኒቲ» የሚል ቃል አልተጠቀመም። ያለው ነገር ቢኖር ብቸኛ ቁጥሮች ከተሰጠ ከየትኛውም ብዛት ይበልጣሉ ነው። እኔ ኢንፊኒቲን የተረዳሁት ከዚህች አነጋገር ነው። ዳር ድረስ ሄዶ ያየ የለም፤ ጸሐፊው ልክ ናቸው። የማያልቅበትን ምክንያት ግን በእጃችን ይዘነዋል። «አለቀ» ለሚለን ሰው ሁሉ የምንመልሰው መልስ አለን፣ እሱም አጭር ነው። ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ የዚህችው ሐሳብ ዘር ነው።

ወደ ሊቃውንቱ ልለፍ። ጸሐፊው «ታላቁ ጋውስ እንኳ ተቃውሟል» ይላሉ። እውነት ነው። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1831 በጻፈው ደብዳቤ ኢንፊኒቲን እንደ ተጠናቀቀ መጠን አድርጎ መጠቀምን ተቃውሟል። ኢንፊኒቲ የአነጋገር ዘዴ ብቻ እንደሆነና በትክክል የሚወራው ስለ ሊሚት (ቁጥሮች እየተጠጉ ስለሚያመሩበት መድረሻ) እንደሆነ ነው የጻፈው። አርስቶትልም ከእሱ በፊት ሁለት ነገር ለይቶ ነበር። አንዱ እየቀጠለ የሚሄድ፣ ሌላው ተሟልቶ የቆመ። የመጀመሪያውን ተቀበለ፣ ሁለተኛውን ጣለ።

ጋውስ ስለ ሊሚት የተናገረውን ዛሬም ክፍል ውስጥ እናስተምረዋለን። ግን ጋውስ ያረፈው በ1855 ነው። «የሚበልጥ ኢንፊኒቲ አለ» የሚለውን ያመጣው ጌዮርግ ካንቶር ስለ ኢንፊኒቲ ያወጣው የመጀመሪያው ጽሑፍ የታተመው በ1874 ነው። ከሞተ 19 ዓመት በኋላ የቀረበን ክርክር ጋውስ ፈርዶበታል ማለት ለጋውስም አይመጥንም።

አሁን ጠንከር ወዳለው እንምጣ። ጸሐፊው ይህን ጽፈዋል፦ «ኢንፊኒቲ ሲደመር 1 ኢንፊኒቲ ነው ይሉናል። ከሁለቱም ወገን ኢንፊኒቲን ብንቀንስ 1 = 0 ይሆናል። ይህ ሒሳብ ከሆነ እብደት ምን ሊሆን ነው?»

ስህተቱ «ብንቀንስ» የምትለዋ ቃል ውስጥ ነው። መቁጠሪያ ቁጥሮችን ሁሉ ያዙ፦ 1፣ 2፣ 3፣ 4… ከነሱ ላይ ተጋማሾቹን፣ 2፣ 4፣ 6ን ሁሉ አንሱ። የተነሳው ማለቂያ የለውም፣ የቀረውም ማለቂያ የለውም። እንደገና ሁሉንም መልሱና ከ3 በላይ ያሉትን በሙሉ አንሱ። አሁንም የተነሳው ማለቂያ የለውም፤ የቀረው ግን ሦስት ብቻ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ መልሱና ሁሉንም አንሱ። ምንም አልቀረም። ሦስቱም ጊዜ ያደረግነው «ኢንፊኒቲ ሲቀነስ ኢንፊኒቲ» ነው። መልሱ አንዴ ኢንፊኒቲ፣ አንዴ 3፣ አንዴ ዜሮ። ለዚህ ነው ሒሳብ እዚህ ላይ መቀነስን የማይፈቅደው። ጸሐፊው ያገኙት ተቃርኖ የኢንፊኒቲ አይደለም፤ ያልተፈቀደ ቅነሳ ያመጣው ጣጣ ነው። ሁለቱን ወገን በዜሮ አካፍሎ 1 = 2 ነው ብሎ እንደማምጣት ያለ።

ኮምፒውተሮች እንኳ ይህን ሕግ ያከብራሉ። በ1985 የወጣው የአይ-ትሪፕል-ኢ 754 ስታንዳርድ ነጥብ ያላቸው ቁጥሮች ኮምፒውተር ላይ እንዴት እንደሚሰሉ ይደነግጋል። በዚያ ስታንዳርድ 1.0ን ለ0.0 ስታካፍሉ ኢንፊኒቲ የሚል ልዩ ምልክት ይመጣል። ኢንፊኒቲን ከኢንፊኒቲ ስትቀንሱ ደግሞ «ቁጥር አይደለም» የሚል ሌላ ምልክት ይመልሳል። ነገሩ ቀድሞ ታስቦበታል። (በነገራችን ላይ የመጀመሪያው የማሽን ስምምነት ነው። በተለመደው ሒሳብ 1 ለዜሮ አይካፈልም፣ አለቀ። የመምህሬ «ያዙት» እዚያ ጋ ነው የተሳሳተው።)

ግን ይህን ነጥብ እዚህ ላይ ብተወው ጸሐፊውን በድያለሁ። ከጥያቄያቸው ሥር አንድ ቆንጆ ነገር አለና።

ወረፋ አስቡ። መጀመሪያ አለው፣ መጨረሻ የለውም። 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛ እያለ ይቀጥላል። አንድ ሰው መጣና ከሁሉም ፊት ገባ። ሁሉም አንድ አንድ ቦታ ወደኋላ ይላሉ። 1ኛ የነበረው 2ኛ ይሆናል፣ 2ኛው 3ኛ። ቦታ ያጣ የለም። ወረፋው መልኩ አልተለወጠም፤ አሁንም መጀመሪያ ያለው፣ መጨረሻ የሌለው ወረፋ ነው።

አሁን ደግሞ ሰውየው ጨዋ ነው እንበል። ፊት አልገባም። ከሁሉም ኋላ ሄዶ ቆመ። ይህ ሌላ ወረፋ ነው። መጨረሻ ላይ የቆመ ሰው አለዋ! ከሱ ፊት ማለቂያ የሌለው ሰው ቆሟል። ልክ ከፊቱ ያለው ስንተኛው ነው ብትሉ ግን መልስ አታገኙም፣ ምክንያቱም «ልክ ከፊቱ» የሚባል ሰው የለም።

ካንቶር የመጀመሪያውን ወረፋ ኦሜጋ አለው። ሁለተኛውን ኦሜጋ ሲደመር 1። ስለዚህ 1 ሲደመር ኦሜጋ ኦሜጋ ነው፤ ኦሜጋ ሲደመር 1 ግን ኦሜጋ አይደለም። በሰው ብዛት ሁለቱ እኩል ናቸው፤ በአሰላለፍ ግን ይለያያሉ። ለውሱን ነገር ብዛትና አሰላለፍ አንድ ላይ ስለሚሄዱ ልዩነቱን አናየውም። አምስት ሰው እንዴትም ቢሰለፍ አምስተኛው መጨረሻ ነው። ማለቂያ ወደሌለው ስንሻገር ሁለቱ ይለያያሉ። ጸሐፊው «እብደት» ያሉት ነገር ለካ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን በአንድ ቃል መጠየቅ ነው። ይህችን የወረፋ ጉዳይ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ቀጥሎ 0.999… «ዘጠኙ ቢደረደር ቢደረደር ሁሌም ትንሽ ይቀረዋል። ይጠጋል እንጂ 1 አይደርስም» ይላሉ።

ስንት ነው የሚቀረው? ይህን ብቻ ይንገሩኝ። ከአንድ አሥረኛ ያነሰ ነው። ከአንድ መቶኛም ያነሰ ነው። ከአንድ ሚሊዮንኛም። ከዜሮ የሚበልጥ ማንኛውንም ቁጥር ቢጠሩ ቀሪው ከሱ ያነሰ ነው። እንዲህ ያለ ቀሪ ከዜሮ በቀር ሌላ የለም። «0.000… ካለ በኋላ መጨረሻ ላይ 1» የሚሉ ሰዎች አሉ። ያቺ 1 ስንተኛው ቦታ ላይ ነው የተጻፈችው? ስንተኛ የሚባል ቦታ ካላት ከፊቷ ያሉት ዜሮዎች አልቀዋል። ካለቁ ደግሞ ስለ ሌላ ቁጥር ነው የምናወራው።

ጸሐፊውን ያሳታቸው «ይጠጋል» የሚለው ቃል ይመስለኛል። ቃሉ የሚሄድ ሰው ያሳያል። 0.9፣ 0.99፣ 0.999 እያሉ የሚጻፉት ቁጥሮች በርግጥ ይሄዳሉ፤ አንዳቸውም 1 አይደሉም። 0.999… ግን ከነሱ አንዱ አይደለም። ሁሉም ወዴት እንደሚያመሩ የሚናገር ስም ነው። መንገዱ እየሄደ ነው፣ መድረሻው ግን አይሄድም። ሦስቱ ነጥቦች «ገና እየጻፍኩ ነው» ማለት አይደሉም።

ወረቀት ካለ አንድ ነገር አብረን እንሥራ። ካሬ ሣሉ። በአራት እኩል ካሬዎች ክፈሉት። አንዱን ቀለም ቀቡ፣ ሁለቱን ባዶ ተዉ። የቀረውን አራተኛውን እንደገና ለአራት ክፈሉ። እዚያም አንዱን ቀቡ፣ ሁለቱን ተዉ፣ አራተኛውን ደግሞ ክፈሉ። እንዲህ እያለ ይሄዳል። በየዙሩ አንድ ቀለም፣ ሁለት ባዶ። ገና ያልተከፈለው ጥግ በየዙሩ ሩብ ሩብ እየሆነ ይጠፋል። ስለዚህ ቀለሙ የሸፈነው የካሬውን አንድ ሦስተኛ ነው። ቀለሙ ደግሞ ሩብ፣ ሲደመር አንድ አሥራ ስድስተኛ፣ ሲደመር አንድ ስድሳ አራተኛ… ነው። ማለቂያ የሌለው ድምር፣ መልሱ ግን ጥርት ያለ አንድ ሦስተኛ። አርኪሜዲስ ፓራቦላ የሚባለው ጎባጣ መስመር የሚያጥረውን ስፋት ሲያሰላ የተጠቀመው ይህንኑ ድምር ነው። እኔ ይህን ሥዕል መጀመሪያ ስሠራ አራተኛው ዙር ላይ እርሳሴ ወፍሮ መቀጠል አቃተኝ። መልሱ ግን ከዚያ በፊት ገብቶኝ ነበር።

ይህን ስል «ማለቂያ የሌለው ድምር ሁሉ ደህና ነው» ማለቴ አይደለም። 1 ሲደመር ግማሽ፣ ሲደመር ሲሶ፣ ሲደመር ሩብ… እያላችሁ ሂዱ። ተደማሪዎቹ ወደ ዜሮ ይወርዳሉ። ድምሩ ግን የትም አይቆምም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ኒኮል ኦሬም በቀላል ዘዴ አሳይቶታል። ሲሶና ሩብ አንድ ላይ ከግማሽ ይበልጣሉ። ከአንድ አምስተኛ እስከ አንድ ስምንተኛ ያሉት አራቱ አንድ ላይ ከግማሽ ይበልጣሉ። ቀጣዮቹ ስምንቱም እንዲሁ። ግማሽ በግማሽ ላይ እየተጨመረ ማለቂያ የለውም። አካሄዱ ግን ኤሊ ነው፤ 10ን ለመሻገር ብቻ 12,367 ተደማሪ ይፈልጋል። ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብሎ ለሚያይ ሰው የቆመ ይመስላል። ዓይንን ያመነ ይሳሳታል፣ ምክንያቱን የያዘ አይሳሳትም።

ጸሐፊው በዚሁ ክፍል «1 + 2 + 3 + … = −1/12» የሚለውንም እንደ ማላገጫ አምጥተዋል። እዚህ ላይ ቅሬታቸውን እጋራለሁ። ያ እኩልታ በተለመደው የመደመር ትርጉም ውሸት ነው። ሌላ ትርጉም ተሰጥቶት ነው የሚሠራው። ትርጉሙን ሳይናገሩ እንደ ተአምር የሚያሰራጩት ሰዎች ለኢንፊኒቲ መልካም ስም አላመጡለትም።

አሁን ልቤ ወዳለበት ነጥብ ደረስን። «ተጋማሽ ቁጥሮች የመቁጠሪያ ቁጥሮች ግማሽ ናቸው። ግማሹ ከሙሉው እኩል ነው የሚለን ሰው እያታለለን ነው» ይላሉ። ትንሽ ወረድ ብለው ደግሞ «ማለቂያ የሌለው ማለቂያ የለውም፤ ከሱ የሚበልጥ ማለት ትርጉም የለውም» ይላሉ። ሁለቱ አብረው እንደማይሄዱ ልብ በሉ። በመጀመሪያው ላይ አንዱ ኢንፊኒቲ ከሌላው ያንሳል አሉ። በሁለተኛው ላይ መበላለጥ የለም አሉ።

«እኩል» ስንል ምን ማለታችን ነው? አንድ አዳራሽ በር ላይ ቆማችኋል። ሁሉም ሰው ተቀምጧል፣ ባዶ ወንበርም የለም፣ የቆመ ሰውም የለም፣ ተደራርቦ የተቀመጠም የለም። ሰውና ወንበር እኩል መሆናቸውን ታውቃላችሁ። ስንት እንደሆኑ ግን አልቆጠራችሁም። መቁጠር ሳያስፈልግ ማጣመር በቃ። ማለቂያ የሌለውን መቁጠር አንችልም፤ ማጣመር ግን እንችላለን። 1ን ከ2፣ 2ን ከ4፣ 3ን ከ6 ጋር አጣምሩ። እያንዳንዱ ቁጥር ከእጥፉ ጋር። የቀረ ቁጥር ካለ ጥሩልኝ። የለም።

ጋሊሌዮ በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን አይቷል። እሱ የወሰደው 1፣ 4፣ 9፣ 16ን፣ በራሳቸው ተባዝተው የሚገኙትን ነው። ከመቁጠሪያ ቁጥሮች ጋር አንድ ለአንድ ሲጣመሩ አየና ማለቂያ ለሌለው ነገር «ይበልጣል፣ ያንሳል፣ እኩል ነው» ማለት አይሠራም ብሎ ደመደመ። ጸሐፊው የቆሙት እዚያው ጋሊሌዮ የቆመበት ላይ ነው። አያፍሩበትም፤ ትልቅ ሰው የቆመበት ቦታ ነው። ሪቻርድ ዴዴኪንድ ግን በ1888 ነገሩን ገለበጠው። ከራሱ ክፋይ ጋር አንድ ለአንድ መጣመር የሚችል ስብስብ፣ እሱ ነው ማለቂያ የሌለው አለ። ለብዙ ዘመን እንቅፋት የነበረው ነገር ትርጉም ሆነ። «ክፋይ ከሙሉው ያንሳል» የሚለው ሕግ ስለ ውሱን ነገሮች እውነት ነው። ከነሱ ተምረነው ነው ለሁሉም ያደረግነው።

እሺ፣ ታዲያ ሁሉም ማለቂያ የሌለው ነገር ተጣምሮ እኩል ከሆነ መበላለጡ ከየት መጣ? ክፍልፋዮችን ሁሉ ከመቁጠሪያ ቁጥሮች ጋር ማጣመር ይቻላል። ካንቶር ይህን ያውቅ ነበር። በ0 እና በ1 መካከል ያሉትን አስርዮሾች ሁሉስ? ካንቶር በ1891 ያቀረበው መልስ ከወረቀት ላይ ሩብ ገጽ አይሞላም።

አንድ ሰው «ሁሉንም በዝርዝር አስቀምጫለሁ» ብሎ መጣ እንበል። ዝርዝሩ እንዲህ ይጀምራል፦

1ኛ፦ 0.3141…
2ኛ፦ 0.2500…
3ኛ፦ 0.7755…
4ኛ፦ 0.1234…

እያለ ያለማለቂያ ይቀጥላል። እኔ አንድ አዲስ ቁጥር እጽፋለሁ። ከ1ኛው የመጀመሪያውን አሃዝ አያለሁ፣ ከ2ኛው ሁለተኛውን፣ ከ3ኛው ሦስተኛውን፣ በሰያፍ እየወረድኩ። ያየሁት 5 ከሆነ 6 እጽፋለሁ፤ ሌላ ከሆነ 5። እዚህ 3፣ 5፣ 5፣ 4 አየሁ። ስለዚህ የእኔ ቁጥር 0.5665… ብሎ ይጀምራል። ይህ ቁጥር ዝርዝሩ ላይ የት አለ? 1ኛው ላይ ሊሆን አይችልም፣ በመጀመሪያው አሃዝ ይለያል። 2ኛውም አይደለም፣ በሁለተኛው ይለያል። «ሚሊዮንኛው ላይ ነው» ካሉኝ በሚሊዮንኛው አሃዝ ይለያል። የትም የለም። (5 እና 6ን የመረጥኩት ከላይ ባየነው ምክንያት ነው። 0.4999… እና 0.5 የአንድ ቁጥር ሁለት ስም ናቸው። 9 እና 0ን ካልነካሁ ያ መንታ ስም አያስቸግረኝም።)

ጸሐፊው ይህን ዘዴ ያውቁታል። «ያመለጠውን ቁጥር ዝርዝሩ ራስ ላይ ጨምረው፣ አለቀ» ይላሉ። ይጨምሩት። አሁን አዲስ ዝርዝር ሆነ። ሰያፉን እንደገና እወርድና ሌላ ያመለጠ ቁጥር አወጣለሁ። ልክ እንደ ዩክሊድ ነው። እኔ አንድ ዝርዝር ጎደለ እያልኩ አይደለም፤ የትኛውንም ዝርዝር ይዘው ቢመጡ መልስ አለኝ ነው የምለው። ስለዚህ አስርዮሾቹ ከመቁጠሪያ ቁጥሮች ጋር አይጣመሩም። ይበልጣሉ። ይህን ማረጋገጫ መጀመሪያ የተረዳሁ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዛሬም ሳስተምረው ድምፄ ይቀየራል።

ካንቶር ከዚያም አላቆመም። ከማንኛውም ስብስብ የሚበልጥ ሌላ ስብስብ እንዳለ በዚያው ዘዴ አሳየ። በሁለቱ መካከል፣ ማለትም በመቁጠሪያዎቹና በአስርዮሾቹ መካከል፣ ሌላ መጠን ይኖር ይሆን? ካንቶር የለም ብሎ ገመተ፤ ማረጋገጥ ግን አልቻለም። ኩርት ጎደልና በ1963 ደግሞ ፖል ኮኸን እንዳሳዩት ዛሬ የምንጠቀምባቸው የስብስብ መነሻ ሕጎች ግምቱን ሊያረጋግጡትም ሊያፈርሱትም አይችሉም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የሚገባቸውን ልስጥ። ተሟልቶ የቆመ ኢንፊኒቲን የማይቀበሉ ጠንካራ የሒሳብ ሰዎች ነበሩ። ክሮኔከር ነበር፣ ኋላም ብራወር። በርትራንድ ራስል በ1901 ካለ ገደብ የተፈጠሩ ስብስቦች ወደ እውነተኛ ተቃርኖ እንደሚወስዱ አግኝቷል። ኤርንስት ዜርሜሎ በ1908 መነሻ ሕጎችን ሲጽፍ «ማለቂያ የሌለው ስብስብ አለ» የሚለውን እንደ አንድ ሕግ አስቀመጠው፤ ከሌሎቹ ሕጎች አልመጣለትምና። ያን ሕግ አልቀበልም ማለት ይቻላል። የሚከበር አቋም ነው። ግን «አልቀበልም» እና «ራሱን ይቃረናል» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጸሐፊው የጻፉት ሁለተኛውን ነው፣ ተቃርኖውን ግን አላሳዩንም።

«ካንቶር አብዷል» ስለሚለው ብዙ አልልም። ካንቶር በተደጋጋሚ በከባድ የመንፈስ ጭንቀት ታሟል፤ በ1918 ያረፈው ሃለ ከተማ የሕሙማን መታከሚያ ውስጥ ነው። የታመመ ሰው ነበር። ሕመሙን የማረጋገጫው ማስተባበያ ማድረግ ግን ያሳዝነኛል። 0.5665… ዝርዝሩ ላይ አለመኖሩ የጻፈው ሰው ጤና ላይ አይመሠረትም።

የመጨረሻው «ለምንም አይጠቅምም» ነው። ካልኩለስን፣ ሊሚትን፣ ኢንጅነሪንግን እያነሳሁ መመለስ እችል ነበር። ጸሐፊው ግን «እነሱ የሚቀጥል ኢንፊኒቲ እንጂ የቆመ ኢንፊኒቲ አይፈልጉም» ብለው በሩን አስቀድመው ዘግተዋል። ስለዚህ በሌላ በር ልግባ። የወረፋዋን ጉዳይ አደራ ብያችሁ ነበር።

በ1944 ሩበን ጉድስቲን ስለ ተራ ውሱን ቁጥሮች አንድ ነገር አረጋገጠ። ጨዋታው እንዲህ ነው። ቁጥሩን በ2 ርቢዎች ድምር ጻፉት (ርቢ ማለት ቁጥርን በራሱ ደጋግሞ ማባዛት ነው)፤ ርቢዎቹንም ጭምር በ2። ከዚያ ያለውን 2 ሁሉ ወደ 3 ቀይሩና 1 ቀንሱ። ቀጥሎ የመጣውን በ3 ጻፉት፣ 3ን ሁሉ ወደ 4 ቀይሩ፣ 1 ቀንሱ። እንዲህ ይቀጥላል። ከ4 ብትጀምሩ 4 ማለት 2 በ2 ርቢ ነው። 3 በ3 ርቢ ሲሆን 27፣ 1 ሲቀነስ 26። ቀጥሎ 41፣ 60፣ 83፣ 109… እየተተኮሰ ይሄዳል። ጉድስቲን ያረጋገጠው ከየትኛውም ቁጥር ብትጀምሩ መጨረሻ ላይ ዜሮ እንደሚሆን ነው። ከ4 የተነሳውም ዜሮ ይገባል። እስከዚያ የሚወስደውን የእርምጃ ብዛት ለመጻፍ ግን ከ121 ሚሊዮን በላይ አሃዝ ያስፈልጋል። የአቶሞቹ ቁጥር የነበረው 81 አሃዝ ነው።

በ1982 ደግሞ ሎሪ ከርቢና ጄፍ ፓሪስ አንድ ነገር ጨመሩ። ይህን እውነት በተለመዱት የመቁጠሪያ ቁጥር ሕጎች ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም። ስለ ውሱን ቁጥሮች የሆነ እውነት ነው፤ ጉድስቲን ማረጋገጫውን ያገኘው ግን በካንቶር ወረፋዎች በኩል ነው።

እንዴት እንደሆነ በትንሹ ቁጥር፣ በ3 ላሳያችሁ። 3 ማለት 2 ሲደመር 1። 2ን ወደ 3 ቀይሩ፣ 1 ቀንሱ፣ 3 ሆነ። ይህን 3 ወደ 4 ቀይሩ፣ 1 ቀንሱ፣ አሁንም 3። አሁን የያዝነው 3 ከ4 ያነሰ ስለሆነ የሚቀየር ነገር የለውም፤ መቀነስ ብቻ ነው። 2፣ 1፣ 0። ዝርዝሩ 3፣ 3፣ 3፣ 2፣ 1፣ 0 ነው። መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ ምንም የቀነሰ አይመስልም። የሚቀየረውን 2 ወይም 3 ወይም 4 ትታችሁ በቦታው ኦሜጋን ብታስቀምጡ ግን ሌላ ነገር ታያላችሁ። የመጀመሪያው 3 ኦሜጋ ሲደመር 1 ነው፣ መጨረሻው ላይ አንድ ሰው የቆመበት ወረፋ። ሁለተኛው 3 ኦሜጋ ነው፣ ያ ሰው ሄዷል። ሦስተኛው 3 ራሱ 3 ነው። በየእርምጃው እየወረደ ነበር። መውረዱ ደግሞ ማለቅ አለበት፣ ምክንያቱም ማለቂያ ከሌለው ወረፋ ወደታች ለመውረድ አንድ ቦታ መምረጥ ግድ ነው፤ የምትመርጡት ቦታ ደግሞ ተራ ቁጥር አለው፦ 3ኛ ወይም መቶኛ ወይም ቢሊዮንኛ። ከዚያ ወዲያ እስከ ዜሮ መቁጠር ብቻ ነው።